ፋኑ ይዞራል፣ እንፋሎቱ ግን አይወጣም፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎንደሮች። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ክረምት ሲገባ "የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ደከመ" የሚል ስልክ ይበዛብኛል። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፋናችን ድምፁ ለጉድ ነው፣ ሻወር ስንወስድ ግን መስታወቱ ጭልም ይላል። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትግዛ። ሶፍት ቁረጥና ፋኑ እየዞረ አፉ ላይ አስጠጋው። በሩ ተዘግቶ ከወደቀ፣ በሩ ሲከፈት ግን ልጥፍ ካለ ጥፋቱ የፋኑ አይደለም። አየር እንዲወጣ የሚገባ አየር ይፈልጋል። ማራኪ ሰፈር አንድ ቤት ብርድ እንዳይገባ ብለው በሩ ስር ጎማ ለጥፈውበት ነበር። ጎማውን አንስተን አናጺው ከግርጌው 1 ሴንቲ ሜትር ላጠልን፣ ያው አሮጌ ፋን ሶፍቱን ግጥም አድርጎ ያዘው።

ጥያቄ፦ የእኔ በር ክፍተት አለው፣ ሶፍቱ ግን ይወድቃል።

መልስ፦ ብሬከሩን አጥፊና ክዳኑን ፍቺው። አቧራው ከእንፋሎቱ ጋር ተቦክቶ ክንፉ ላይ እንደ ሊጥ ደርቆ ታገኚዋለሽ። በደረቅ ብሩሽ አራግፊው፣ ሞተሩን ውሃ እንዳይነካው። ከዚያ ውጪ ወጥተሽ አየሩ የሚወጣበትን የግድግዳውን መዝጊያ እዪ። ቀለም ቀቢ አብሮ ቀብቶ ያጣበቀው ስንት አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የእኛ ከኮርኒስ በላይ በሚተጣጠፍ ቱቦ 4 ሜትር ያህል ይሄዳል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ያ እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ቱቦ ውስጡ ሸካራ ስለሆነ አየሩን ይይዘዋል፣ ካልተወጠረ ደግሞ ይረግብና ሆዱ ላይ ውሃ ይቋጥራል። በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ጠንካራው የፕላስቲክ ቱቦ) ቀይረው፣ ወደ ውጪ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፣ መታጠፊያውንም ቀንስ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ተራ ፋን ለአጭር መንገድ የተሠራ ስለሆነ ለ4 ሜትር ጉልበት የለውም፤ ለረጅም ቱቦ ሴንትሪፉጋል የሚባለውን፣ አየሩን በኃይል የሚገፋውን ዓይነት ፈልግ። ደግሞ ጫፉ በእርግጥ ከቤት ውጪ መውጣቱን እይ! ቆርቆሮው ስር የሚቀር ብዙ ነው። የእኛ ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። እናንተም ጣሪያው አፈሰሰ ትላላችሁ።

ጥያቄ፦ ምን ያህል አቅም ያለው ልግዛ?

መልስ፦ ክፍልህ 2 በ1.5 ሆኖ ከፍታው 2.5 ሜትር ከሆነ 7.5 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 8 ጊዜ አየሩ ይቀየር ካልን በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቱቦ የተለካ ስለሆነ 90 ወይም 100 የሚለውን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ብቻ ቀስ ይላል።

መልስ፦ አምፖሉም አብሮ ከደበዘዘ ቮልቴጅ ወርዶ ነው። ቀንም ከተንቀረፈፈ ሞተሩ የሚዞርበትን ኩሽኔታ አስይ።

ጥያቄ፦ ውሃ ስለሚጠፋ እናቴ በርሜል ባኞ ቤት ውስጥ ታስቀምጣለች። ግድግዳው ሻገተ።

መልስ፦ በርሜሉ ክዳን ይኑረው። እናታችን ታጥበው ሲወጡ ፋኑን ቶሎ እንዳያጠፉት ንገሪያቸው፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይዙር። ሻጋታውን በቀጠነ በረኪና እጠቢው፣ ጓንት አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ። በረኪናውን ከአሲድ ማጽጃ ጋር ግን በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።