አትሪየም፦ የልብም የቤትም ቃል

ደሴ አናቶሚ፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር፣ አስተምራለሁ። ስለ አትሪየም የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር ጓደኛዬ «አትሪየም የእኛ ቃል ነው» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ ቤት ይቀድማል። የጥንት ሮማውያን ቤት ከበሩ ገባ ሲሉ አትሪየም የሚባል ሰፊ ክፍል አለ። ጣሪያው መሐል ላይ ክፍት ነው። ዝናቡ በዚያ ገብቶ ወለሉ ላይ ካለች ገንዳ ይጠራቀማል። እንግዳም እዚያው ይቀበሉትና ወደ ውስጥ ያልፋል። አትሪየም የምንላቸው የልብ ሁለቱ የላይ ክፍሎች ሥራም ይኸው ነው። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ይቀበላል፣ ግራው ከሳንባ የመጣውን። ተቀብለው ወደ ታችኞቹ ያሳልፋሉ።

ጥያቄ፦ ቃሉ «ጥቁር» ማለት ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ በላቲን አቴር ጥቁር ነው። ምድጃው እዚያ ስለነበር ጭሱ ክፍሉን አጥቁሮት ነው የሚል የቆየ ማብራሪያ አለ። ሁሉም አይቀበሉትም። እኔ ግን እወደዋለሁ። ጥቀርሻ የለበሰ የአያቱን ቤት ጣሪያ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምሠራበት ሕንፃ መሐሉ እስከ ላይ ክፍት ነው፣ አናቱ መስታወት። ይሄም አትሪየም ነው? ሙቀቱ አልቻልነውም።

መልስ፦ ነው። ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። መውጫ ካጣ የላይኛው ፎቅ ይጋገራል። አናቱ ላይ የሚከፈት መስኮት ያስፈልገዋል። ለደሴ ብርድ ግን ያው መስታወት ደግ ነው። እሳት ቢነሳ ጭሱ በዚያው ክፍተት ፎቁን ሁሉ ያዳርሳል። ጭስ ማስወጫውን አደራ አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄን ሐኪም «ግራ አትሪየምሽ ሰፍቷል» አላት። ጨነቀኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ስፋቱ ምልክት ነው፣ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። በእሷ ዕድሜ እኛ አገር ቶሎ የሚጠረጠረው፣ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን ቫልቭ፣ ማለትም በሩን፣ የሚያበላሸው ሕመም ነው። በሩ ሲጠብ ደሙ ማለፍ ያቅተዋል፣ ክፍሉ ይወጠራል። በሩ በደንብ ካልገጠመም ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፍሉ በጣም ሲሰፋ ምቱ ሊዛባ፣ ደምም ሊረጋበት ይችላል። ሐኪሙን «የልብ አልትራሳውንዱ ስለ ቫልቩ ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂው። የፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ካዘዘላት አንዱም እንዳያልፋት። «ተሽሎኛል፣ ይቅርብኝ» ብትልሽ እንዳትሰሚያት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ልቧ ያለ ወትሮው ከመታ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ኦሪክልና አትሪየም አንድ ናቸው?

መልስ፦ የድሮ መጻሕፍት ክፍሉን በሙሉ ኦሪክል ይሉት ነበር። ዛሬ ኦሪክል ከአትሪየሙ ጎን የወጣችው ጆሮ መሳይ ከረጢት ብቻ ናት። ቃሉም በላቲን «ትንሽ ጆሮ» ነው። ፈተና ላይ ለይታችሁ ጻፉ።