የጉልበት ሎሚ ሲወጣ፣ ራጁ «ደህና ነው» ካለስ?

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ መረብ ኳስ ስትጫወት የጉልበቷ ሎሚ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ እግሯን ስትዘረጋ ተመለሰ። ጉልበቷ ወዲያው አበጠ። ራጅ ተነስታ ስብራት የለም ተባልን። ከአራት ወር በኋላ ግን ደገማት። ኤምአርአይ ያስፈልጋታል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋታል። ቢሆንም የሐኪሙ እጅ ይቅደም። ራጅ ጅማት አያሳይም፤ ሎሚው ከተመለሰ በኋላ ከተነሳ ደግሞ ምንም ያልደረሰባት ያስመስላል።

ዋናው ምርመራ ቀላል ነው። ልጅዎ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ጉልበቷ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ታጥፎ ሐኪሙ ሎሚውን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይገፋል። «ሊወጣ ነው!» ብላ እጁን ከያዘች ወይም ጭኗን ካጠነከረች፣ ምልክቱ ያ ነው። ሕመም ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈለገው ፍርሃቱ ነው። የመታጠፊያው ልክ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። እግር ሲዘረጋ ሎሚው ከጭን አጥንት ቦይ በላይ ስለሚሆን የጤነኛውም ይላወሳል፤ በጣም ሲታጠፍ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ስለሚገባ የላላውም አይነቃነቅም። ሐኪሙ የሎሚውን ስፋት በአሳብ ለአራት ይከፍላል፤ ሦስት ሩቡንና ከዚያ በላይ ወደ ውጭ ከሄደ በውስጥ በኩል የሚይዘው ጅማት ላልቷል ማለት ነው። ሌላኛውም ጉልበት አብሮ ይታይ፤ በተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው ልል የሆነ ልጆች አሉና።

ራጁ ሦስት ዓይነት ይሁን፦ ከፊት፣ ከጎን 30 ዲግሪ ታጥፎ፣ እንዲሁም ጉልበቱ ታጥፎ ሎሚውን በቦዩ ላይ የሚያሳየው። በተለይ ሦስተኛውን ይጠይቁ። የጎኑ ሎሚው ከፍ ብሎ መቀመጡን ይለካል፤ ከሎሚው የልም አጥንት (የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን) ገጽ የታች ጫፍ እስከ ቅልጥሙ አጥንት የላይ ፊት ጠርዝ ያለው ርቀት ለዚያው ገጽ ርዝመት ሲካፈል ከ1.2 ከበለጠ ከፍ ብሏል። እግሯ ትንሽ ዞሮ ከተነሳ ግን የቦዩ ጥልቀት በትክክል አይነበብም፤ ይደገም።

ኤምአርአይ የተቀደደውን ጅማት፣ የአጥንቱን ውስጣዊ ምት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሰብሮ የወደቀ የልም አጥንት ስባሪ ካለ ያሳያል። ስባሪው ከተገኘ የሕክምናው ዕቅድ ይለወጣል፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የቅልጥሙ አጥንት ጉብታ (የሎሚው ጅማት የሚያያዝበት) እና የቦዩ መሃል ወደ ጎን የሚራራቁበት ልክ በሲቲ ስካን 20 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ብዙ ነው ይባላል። በኤምአርአይ ሲለካ ልኩ አነስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደተለካ ሪፖርቱ ላይ መጻፉን ይመልከቱ።

እስከዚያው ጉልበቷን ወጌሻ እንዳያሸው። ተቆልፎ አልዘረጋ ካላት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት።