ትንኮሳ ደርሶባችሁ ወይም በትንኮሳ ተከሳችሁ እንደሆነ

ይድረስ ለወጣት አንባቢዎች፤

ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ የሚቀርቡ የሕግ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጠያቂው «ክስ» ሲል የትኛውን ክስ እንደሆነ አይለይም። አንድ ድርጊት ሦስት መንገድ ሊከፍት ይችላል። አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ወይም የትምህርት ተቋሙ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ወይም የፍትሐ ብሔር ክርክር፣ ሦስተኛው የወንጀል ክስ። ዲሲፕሊኑ ሰውን ከሥራ ያሰናብታል እንጂ አያስርም። ወንጀሉ ያሳስራል፤ ያጣችሁትን ደመወዝ ግን አይመልስም። የሥራ ክርክሩ ካሣ ሊያስገኝ ይችላል፤ ይሁንና ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ድርጅቱ ስለሆነ በዳዩ እዚያው ወንበሩ ላይ ሊቀር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ለራሳችሁ በግልጽ ተናገሩ። ድርጊቱ እንዲቆም ነው? ከሰውዬው ጋር ላለመሥራት ነው? ካሣ ነው? ወይስ ቅጣት? ሁለት ወይም ሦስቱን መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን ይተካል ብሎ መቀመጥ ግን መብትን ያስቀራል።

ምን ነገር ነው ትንኮሳ የሚባለው? በየአገሩ ያሉት ሕጎች ቃላቸው ቢለያይም ሁለት መልክ ይዘዋል። የመጀመሪያው ጥቅምን ወይም ጉዳትን ከወሲብ ጋር ማሰር ነው፤ ዕድገት፣ የፈተና ውጤት፣ የኮንትራት ዕድሳት «እሺ ካልሽ፣ እሺ ካልክ» ሲባል። እንዲህ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ሁለተኛው የሥራውን ወይም የትምህርቱን አካባቢ የሚያሸማቅቅ ማድረግ ነው፤ ተደጋጋሚ ቀልድ፣ ስለ ሰውነት የሚሰጥ አስተያየት፣ በስልክ የሚላክ ምስል፣ ሳይፈቀድ መንካት። እዚህ ላይ ድግግሞሹና ክብደቱ አብረው ይመዘናሉ፤ ቀላሉ ሲደጋገም፣ ከባዱ አንዴም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 «አንድ ጊዜም ይሁን በተደጋጋሚ» ብሎ ሁለቱንም አካቷል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት የሚደረግ ንግግርን፣ ምልክትንና ሌላ ማናቸውንም ሁኔታ ትንኮሳ ይለዋል፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲታከልበት ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል።

«አስቤው አይደለም፣ ቀልድ ነበር» የሚለው መልስ ብዙዎች እንደሚገምቱት ነፃ አያወጣም። የእንግሊዝ የ2010 (እ.ኤ.አ.) የእኩልነት ሕግ የድርጊቱን ዓላማ ወይም ውጤት ይጠይቃል፤ አንዱ ከተገኘ ሌላው የግድ አይደለም። በሌላ በኩል የተሰማው ቅሬታ ከሁኔታው አንፃር ምክንያታዊ መሆኑም ይታያል፤ ስለዚህ «ደስ አላለኝም» ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም። «እሺ ብዬው ነበር፣ አሁን መናገር እችላለሁ?» ለሚለው ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ሜሪተር በተባለ ባንክ ጉዳይ የሰጠው መልስ ጠቃሚ ነው፤ ጥያቄው ተበዳዩ ተስማምቶ ነበር ወይ ሳይሆን ድርጊቱ በእርሱ ዘንድ የተፈለገ ነበር ወይ ነው። እንጀራው በአለቃው እጅ ያለ ሰው የማይፈልገውንም እሺ ይላል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር፣ ወይም በአሠሪነት፣ በመምህርነትና በመሰለ ሥልጣን የተገኘን የበላይነት መጠቀሚያ ማድረግን ለብቻው ወንጀል አድርጎ አስቀምጦታል፤ የሚቀጣው ግን የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

አሁን ወደ ይርጋው፣ ማለትም መብትን ለመጠየቅ ወደተሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ልምጣ። እውነተኛ ሰዎች የሚረቱት በአብዛኛው እዚህ ነው፤ በውሸት ሳይሆን በቀን። በኢትዮጵያ አዋጅ መሠረት አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ከፈጸመ፣ ወይም ባልደረባ ፈጽሞ ለአሠሪው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ሕጉ ከስንብት ክፍያ በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ ይሰጠዋል። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ምክንያቱና ቀኑም ለአሠሪው በጽሑፍ መነገር አለበት። ብዙዎች ግን ክፉ ላለመባል «በግል ጉዳይ ምክንያት ለቅቄያለሁ» የሚል የጨዋ ደብዳቤ ጽፈው ይወጣሉ። ያቺ አንዲት መስመር ከዓመት በኋላ በተቃራኒ ወገን እጅ ማስረጃ ሆና ትመጣለች። በአሜሪካ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ለማለት ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ የግዛት ወይም የአካባቢ ተቋም ተመሳሳይ ሕግ በሚያስፈጽምበት ቦታ 300 ይሆናል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የሥራ ቦታ ትንኮሳ ሕግ ለመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኮሚቴ ማመልከቻ በ3 ወር ውስጥ ይገባል፤ ኮሚቴው ምክንያቱን ጽፎ ቢበዛ 3 ወር ሊጨምር ይችላል። ልብ በሉ፤ በአሜሪካ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ እየተካሄደ ሳለ የውጪው ቀን መቁጠሩን አያቆምም። «ጠብቁ፣ እያየነው ነው» የሚለው የሰው ሀብት ክፍል መልስ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ግን አይገዛላችሁም።

ማስረጃን በሚመለከት፣ «ማንም አላየም፣ ምን ይዤ እከሳለሁ?» ለሚሉ፦ ትንኮሳ በአብዛኛው ያለ ምስክር የሚፈጸም መሆኑን ዳኞችም ኮሚቴዎችም ያውቁታል። የተበዳዩ ቃል ራሱ ማስረጃ ነው። ክብደት የሚያገኘው በዝርዝሩ፣ ሳይለዋወጥ በመቆየቱና በዙሪያው ባሉ ትናንሽ ነገሮች ነው። «ሁልጊዜ ይረብሸኛል» የሚል ማስታወሻ ምንም አያረጋግጥም። «ማክሰኞ ከቀኑ 9፡40 ገደማ፣ ከስብሰባው ስንወጣ በሩ ላይ አቆመኝ፤ ‹ኮንትራትሽ በእኔ እጅ ነው፣ ቅዳሜ እራት እንብላና እናውራበት› አለኝ፤ እምቢ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ ከስብሰባው የወጡት ሌሎች ሁለት ባልደረቦች ኮሪደሩ ላይ ነበሩ፤ በ10 ሰዓት ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት» የሚለው ግን ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። የስብሰባው መርሐ ግብር አለ፣ ሁለቱ ሰዎች አሉ፣ የስልኩ ጥሪ መዝገብ አለ። የተባለውን ቃል እንደተባለ ጻፉ፤ ቢያሳፍርም አታለስልሱት። በዚያው ቀን ጻፉት። ኋላ የታወሳችሁ ነገር ካለ ያለፈውን ሳትነኩ በአዲስ ቀን ጨምሩ፤ የተደለዘ ማስታወሻ ጥርጣሬ ይጠራል።

የስልክ መልእክት ስክሪንሾት ጥሩ ጅምር ነው፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው። ተቆርጦ የተወሰደ ምስል «የቀረው የት ሄደ?» ያስብላል። ሙሉ ውይይቱን ከነቀኑና ከነላኪው ቁጥር አስቀምጡ፤ የእናንተ መልስ ደስ ባያሰኛችሁም አታጥፉት። በራሳቸው የሚጠፉ መልእክቶች ከሆኑ በሌላ ስልክ ቪዲዮ እያነሳችሁ ከላይ እስከ ታች አሳዩ። ስልኩን አትቀይሩ፣ አትሽጡ። ቅጂውንም በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ላይ አታኑሩ፤ ከሥራ በታገዳችሁ ቀን ይዘጋባችኋል። ድምፅን በድብቅ መቅዳት ግን አገር ይለያል። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማስረጃ ላቀርብ ያለ ሰው ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

አካላዊ ጥቃት ከሆነ ከጠበቃ በፊት ሐኪም ይቀድማል፤ ለመክሰስ ባትወስኑም። ከቻላችሁ ሳትታጠቡና ልብስ ሳትቀይሩ ሂዱ። የቀየራችሁት ልብስ ካለ እያንዳንዱን በየራሱ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣና የዘረ መል አሻራውን ያበላሸዋል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሠራል። ታጥባችሁ ከሆነም «አለቀ» ብላችሁ አትቅሩ፤ ጉዳትን የሚያሳይ የሐኪም መዝገብ ራሱ ዋጋ አለው።

አቤቱታው አጭር ይሁን፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ተባለ ወይም ተደረገ፣ ማን ነበር፣ ምን መለሳችሁ፣ ምን እንዲደረግ ትጠይቃላችሁ። የሰውዬውን ጠባይ መተንተን፣ ስለ ሌሎች የሰማችሁትን ማከል፣ የቆየ የደመወዝ ቅሬታ መቀላቀል ጉዳዩን ያደክመዋል። ቅጂው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ እንዲፈርም ወይም ማኅተም እንዲያደርግ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ያንኑ በኢሜይል ላኩት። በቃል የተነገረ አቤቱታ «አልሰማሁም» ለሚል አለቃ ሰፊ በር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በቀን ያዙ። ድንገት የተለወጠ የሥራ ቦታ፣ የወረደ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ ከስብሰባ መገለል፣ ሁሉም የበቀል እርምጃ ሊሆኑ ይችላሉ። በብዙ አገር በቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ዋናው ትንኮሳ ሳይረጋገጥ ቀርቶ በቀሉ ብቻ የተረጋገጠበት ጉዳይ ብርቅ አይደለም፤ በቀል ወረቀት ይተዋል፣ ትንኮሳ ግን ብዙውን ጊዜ አይተውም።

«ካላረጋገጥኩ ሐሰተኛ ከሳሽ እባላለሁ?» ይህን ጥያቄ የሚያስፈራሩበት ሰዎች ስላሉ በግልጽ ልመልሰው። አለማረጋገጥና መዋሸት ሁለት ነገር ናቸው። የወንጀል ፍርድ ቤት ምክንያታዊ ጥርጣሬ የማይተው ማስረጃ ይፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔርና የዲሲፕሊን ጉዳይ ግን በብዙ ቦታ የትኛው ወገን ይበልጥ ያስረዳል በሚል ሚዛን ይታያል። ስለዚህ አንድ ሰው በወንጀል ነፃ ወጥቶ በዚያው ድርጊት ከሥራ ሊሰናበት ይችላል፤ ከሁለቱ ውሳኔዎች አንዱ የግድ ስህተት ነው ማለት አይደለም። የሕንዱ ሕግ በክፋት የሐሰት አቤቱታ ያቀረበን ይቀጣል፤ ማስረዳት አለመቻል ብቻውን ግን ቅጣት እንደማያስከትል በግልጽ ጽፏል። እያወቁ ንጹሕ ሰውን መክሰስ ግን በኢትዮጵያም በሌላውም ወንጀል ነው፤ ያ ደግሞ ሐሰቱን ማወቅን ይጠይቃል።

የተከሰሳችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? የመጀመሪያው ስህተት ከሳሹን ማናገር ነው። «ተረዳድተን እንጨርሰው» ብሎ መደወል፣ አማላጅ መላክ፣ ጓደኛ «ምነው» እንዲላት ማድረግ፣ ንጹሕ እንኳ ብትሆኑ ማስፈራራት ተብሎ ሁለተኛ ክስ ይወልዳል። ሁለተኛው ስህተት መልእክት ማጥፋት ነው። እናንተን የሚያነጻው ውይይት አብሮ ይጠፋል፤ የማጥፋቱ ድርጊትም በራሱ ይተረጎምባችኋል። ሦስተኛው በንዴት መልቀቂያ ማስገባት። ክሱ በዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ፣ የመልስ መስጫውን ቀን፣ አጣሪው ከጉዳዩ ነፃ መሆኑን እወቁ። ምርመራ ሳለ ከሥራ መታገድ በራሱ የጥፋተኝነት ውሳኔ አይደለም። መልሳችሁ ነጥብ በነጥብ ይሁን፤ እውነት የሆነውን እመኑ፣ ያልሆነውን ካዱ፣ የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። «ቤት አልነበርኩም» ከማለት በዚያ ሰዓት የት እንደነበራችሁ የሚያሳይ ደረሰኝ ይበልጣል። ስለ ከሳሿ አለባበስና ያለፈ ሕይወት መጻፍ ብልህነት የሚመስላቸው አሉ፤ ኮሚቴው የሚያነበው ግን ስለ ጸሐፊው ነው። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ የሚደርስ ከመሰለ ለኮሚቴው አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ እዚህ የፈረማችሁት ቃል እዚያ ሊቀርብባችሁ ይችላል፤ በወንጀል ያላችሁ ዝም የማለት መብትም ዲሲፕሊን ላይ እንደዚያው ላይሠራ ይችላል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስም ጠርቶ ማውጣት ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው። ሥልጣን ላለው አካል በቅን ልቦና የቀረበ አቤቱታ በአብዛኛው ከስም ማጥፋት ክስ ጥበቃ አለው፤ ለሕዝብ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን ይህን ጥበቃ ያጣል። በእንግሊዝ ሕግ እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ በለጣፊው ላይ ነው። ተቋሙ ጆሮ ሲነፍግ ሰው ወደ አደባባይ ለምን እንደሚወጣ ይገባኛል፤ ቢያንስ አቤቱታው አስቀድሞ ገብቶ፣ ማኅተም አርፎበት ይሁን።

እርቅ ከቀረበላችሁ ወረቀቱን በዚያው ወንበር ላይ አትፈርሙ። ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ለሐኪም፣ ለጠበቃና ለቤተሰብ መናገር መከልከል አለመከልከሉን ተመልከቱ። ወደ ፖሊስ እንዳትሄዱ የሚል አንቀጽ በብዙ ቦታ ዋጋ የለውም፤ ሊያስፈራራችሁ ግን ይጻፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ አለመግባባቱ ከመነሳቱ በፊት የተፈረመ የዝምታ ውል በትንኮሳ ጉዳይ እንዳይፈጸም ከልክሏል፤ ከተነሳ በኋላ በእርቅ የሚፈረመውን ግን አልነካም።

ምስክር ሆናችሁ ከተጠራችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ከገመታችሁት ለዩ። «ከቢሮው ስታለቅስ ወጣች» ምስክርነት ነው፤ «ነክቷት ነው» ካላያችሁ ግምት ነው። ቃላችሁ የተጻፈበትን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያላላችሁት ከገባ እንዲታረም ጠይቁ፤ አይታረምም ከተባላችሁ እርማቱን ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ።