ስለ ኤች ኢንዴክስና ሳይቴሽን ጠይቁኝ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ የጤና ተመራማሪዎችን የሕትመት መዝገብ ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቡናም ፈልቷል። ጠይቁ። ግን ጆርናሉን ሳታጣሩ ብር እንዳትከፍሉ!

የቡሬው፦ ጋሼ፣ ኤች ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው፣ የአንድ ተመራማሪ ሥራዎች በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ (ሳይቴሽን የሚሉት ይሄ ነው) አይቶ የሚሰጥ መለኪያ ነው። 5 ፔፐር፣ ማለትም የጥናት ጽሑፍ፣ አለህ እንበል፤ 40፣ 9፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። 3 ለመሆን ቢያንስ 3 ጊዜ የተጠቀሱ 3 ይበቃሉ፣ አንተ እንዲያውም 4 አሉህ፤ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ግን የሉህም። ስለዚህ 3 ነህ። ያቺ 40 ወደ 400 ብታድግም ያው 3 ነህ።

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም፦ ጉግል ስኮላር 6 ይለኛል፣ ስኮፐስ 3። የቱን ልመን?

ሁለቱንም። ሁለቱም ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚቆጥሩ የኢንተርኔት መዝገቦች ናቸው። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም ይቆጥራል፣ ስኮፐስ የመረጣቸውን ሕትመቶች ብቻ። ሲቪሽ ላይ ከየት እንደወሰድሽው ጻፊ። ለመሆኑ ስኮፐስ ላይ ስንት ቦታ ነሽ?

ሲስተር፦ ሁለት ቦታ አየሁ። አንዱ በአባቴ፣ አንዱ በአያቴ ስም።

አላልኩም! የፈረንጅ ሥርዓት የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ለፍተሽ የጻፍሽው አንቺ፣ የሚጠቀሱት አባትሽ። አያት የተጨመረ ዕለት አያት ይጠቀሳሉ። ገብረ ሥላሴ ተለያይቶ ከተጻፈ ሥላሴ ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ፀሐይም በእንግሊዝኛ መጨረሻዋ ላይ አንድ ፊደል ከተጨመረባት ለኮምፒውተሩ ሌላ ሴት ናት። የግል ስም ወደ አንድ ፊደል ሲያጥር ደግሞ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ከመጀመሪያው ፔፐር ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ያዙ። ኦርኪድ አውጡ፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነፃ የሆነ ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ነው። ስኮፐስንም ሁለቱን ገጽ አዋህዱልኝ በሉት፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሞጣው፦ አንድ ጆርናል በ10 ቀን እናወጣልሃለን ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። ልክፈል?

አትክፈል። ስሙን በስኮፐስ የጆርናል ዝርዝር ፈልግ፤ ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ገብቶ የተባረረም አለና እስከ ዛሬ መኖሩን እይ። ደግሞ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች እንደ እኛ ካለ አገር ለሚላክ ፔፐር ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ስትልክ ጠይቅ፣ ካሳተምክ በኋላ አይሆንም።

ዘዳንግላ፦ ኤች ኢንዴክሱ 60 የገባ ልጅ አውቃለሁ። ሊቅ ነው ማለት ነው?

ስሙ ከጸሐፊዎቹ መካከል የት ላይ ነው? ዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት አንዱ ፔፐር ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ይኖሩታል፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜም ይጠቀሳል። ሥራው ትልቅ ነው። እኔ ግን ዋናው ሠሪና መሪው በሚቀመጡበት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ፣ ስሙ ያለበትን አያለሁ።

የደጀኑ፦ ደቦ የወጣ ሰው ጠላው አይገባውም ነው የምትለን?

ዘዳንግላ፦ ጠላው ይገባዋል። ማሳው የኔ ነው ሲል ነው ችግሩ።

የደጀኑ፦ አለቃዬ ማጭድ ሳይነካ ስሙን ያስገባ የለ እንዴ!

ዘዳንግላ፦ እኔ የጠየቅሁት ስለ አለቃህ ነው?

ተዉ እንጂ፣ ወደ ጥያቄው።

የቲሊሊው፦ ኤች ኢንዴክሴን እንዴት ላሳድግ?

አሁን ስንት ነው? መስክህ ምንድን ነው? ይሄን ሳትነግረኝ ጥያቄ አይደለም።

የቲሊሊው፦ ከጓደኞቼ ጋር ብንጠቃቀስስ?

ወንፈል ለአጨዳ ነው። እንዲህ ሲጠቃቀሱ የተያዙ ጆርናሎች ከኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም ጆርናሎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ ከሚለካው፣ ዝርዝር ተሰርዘዋል።

የአማኑኤሉ፦ ኤች ኢንዴክስ ምን ማለት ነው ጋሼ?

ኧረ በማርያም! ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የደምበጫዋ፦ እኔ የምሠራው በዝሆኔ በሽታ ላይ ነው። የስኳር ተመራማሪው ጓደኛዬ በሳይቴሽን በለጠኝ።

ይበልጥሻል እንጂ። ስኳር ላይ የሚጽፈው የዓለም ሕዝብ ነው። የእናንተው ፖዶኮኒዮሲስ ግን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ በሽታ ነው፤ የሚያጠናው ጥቂት፣ የሚጠቅሰውም ጥቂት። ፕራይስ የተባለው ሐኪም እዚሁ አገራችን ከአፈሩ ጋር ሲያያይዘው ስኮላርም ስኮፐስም አልነበሩም። ከስኳር ሰው ጋር አትወዳደሪ። በዝሆኔ ላይ ከሚጽፉት ጋር ተለኪ።

የሞጣው፦ ጋሼ፣ የክፍያውን ግማሽ እኮ ለዚያ ጆርናል ትናንት ልኬያለሁ።

ምን ልበልህ? ሌላውን ግማሽ ያዝ። ፔፐሬን ከእናንተ መልሼ ወስጃለሁ፣ እንዳታትሙት ብለህ ዛሬውኑ ጻፍላቸው። መሰረዙን በጽሑፍ ሳያረጋግጡልህ ሌላ ጆርናል እንዳትልክ።