የሞተርሆም ጣሪያ ሰው ይችላል ወይ?

ወንድሜ፣ ውሃ እንዳያስገባ የሚዘጋውን ማሸጊያ ለማደስ ሞተርሆምህ (እንደ ቤት የሚኖርበት መኪናህ) ጣሪያ ላይ መውጣት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። ከፋብሪካው የተገጠመ የኋላ መሰላል ካለው ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይሸከማል። ከሌለው ግን መመሪያውን ሳታይ ወይም አምራቹን ሳትጠይቅ አትውጣ።

ቆመህ አትሂድ፤ በእጅና በጉልበትህ እየዳህክ ሂድ። ከሥርህ ሰፊ ኮምፔርሳቶ አንጥፍ፣ ክብደትህን ይበትንልሃል። የጣሪያውን የጎማ ሽፋን እንዳይቧጭርብህ ከኮምፔርሳቶው በታች ስፖንጅ አድርግ። የመብራት መስኮቱንና የአየር ማስወጫውን ክዳን እንዳትረግጥ አደራ! ፀሐይ ሲመታው የኖረ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

ጤዛው ሳይደርቅ አትውጣ፣ የጎማ ጣሪያ ሲረጥብ ክፉኛ ያዳልጣል። ነፋስ ካለም ለሌላ ቀን አቆየው። ስትጫነው ስምጥ የሚል ቦታ ካገኘህ ውሃ ገብቶ እንጨቱን አበስብሶት ሊሆን ስለሚችል ቀስ ብለህ ውረድ፣ ባለሙያ ይየው። ደግሞ ብቻህን አትሥራ፤ ስትወጣም ስትወርድም መሰላሉን የሚይዝልህ ሰው ይኑር።