የፋብሪካ ቻይንኛ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር እችላለሁ?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዱከም በሚገኝ አንድ የቻይናውያን ፋብሪካ በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአካውንቲንግ ሲሆን ቻይንኛን የተማርኩት በማታ ኮርስ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤችኤስኬ (የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ) ደረጃ 5 ፈተና ወስጄ ከ300 ነጥብ 204 አግኝቻለሁ፤ ማዳመጥ 86፣ ንባብ 66፣ ጽሑፍ 52። የንግግሩን ፈተና አልወሰድኩም። የአሁኑ ሥራዬ ደመወዙ ደህና ነው፤ ለዘለቄታው የምፈልገው ግን ማስተማር ነው።

አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቻይንኛ ቋንቋና ባህል የትርፍ ሰዓት መምህር ፈልጎ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የ20 ደቂቃ የማሳያ ትምህርት እንድሰጥ ጠርቶኛል። ትምህርቱ ለአንደኛ ዓመት የሁለተኛ ሴሚስተር ተማሪዎች የሚመጥን መሆን አለበት፤ ርዕሱን ራስሽ ምረጪ ተብያለሁ። ያሰብኩት አራቱን ቃናዎች፣ የቃሉን ትርጉም የሚለዩትን የድምፅ አወጣጦች፣ አስረድቼ ስጨርስ የወረቀት ቅርጽ አቆራረጥ ማሳየት ነው። ይህ ይበቃል ወይ? ለቋሚ ቅጥርስ ያለኝ ውጤትና ልምድ ያስኬደኛል ወይስ ማስተርስ የግድ ነው? የግድ ከሆነ በምን ዘርፍ ልማር?

አክባሪዎ፣
አስተርጓሚዋ፣ ከዱከም

መልስ

ውድ እኅቴ፣

የቀረሽ ሦስት ሳምንት ስለሆነ ከማሳያው ትምህርት ልጀምር።

ያሰብሽውን ዕቅድ ተዪው። የሁለተኛ ሴሚስተር ተማሪ ቃናዎቹን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተምሯቸዋል። ወረቀት መቁረጡን ደግሞ ከቻይና የሚላክ በጎ ፈቃደኛ መምህር ካንቺ በተሻለ ያሳያል። ገምጋሚዎቹ ካንቺ መጠበቅ ያለባቸው እሱ ሊሰጥ የማይችለውን ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከልና ለምን እንደሚሰናከል ማወቅሽን። የአገር ልጅ የሆነ የቻይንኛ መምህር ዋጋው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ርዕስሽ «ደ» የምትለዋ አያያዥ ትሁን። «ዎ ዙዎትየን ማይ ደ ሹ» የሚለውን ሐረግ ቃል በቃል ብትተረጉሚው እኔ፣ ትናንት፣ መግዛት፣ የ፣ መጽሐፍ ይሆናል። «እኔ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ከሚለው አማርኛ ጋር ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ልዩነቱ አማርኛ «የ»ን ከግሡ ፊት ሲለጥፍ ቻይንኛ «ደ»ን ከግሡ ኋላ ማስቀመጡ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መማሪያዎች ይህን እንደ ከባድ ነገር ያቀርቡታል፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ገላጭ ከስሙ በኋላ ስለሚያመጣው ነው። የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛው በኩል ዞሮ ሲማረው «መጽሐፍ» የሚለውን መጀመሪያ ይናገርና ዐረፍተ ነገሩ ይበላሽበታል። በአማርኛው በኩል ቀጥታ ብትወስጂው ግን የሚቀረው አንዲት ፊደል ማዛወር ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር፣ አማርኛውን ከላይ ቻይንኛውን ከታች አድርጊና ቀስት እየሳልሽ አሳዪ።

ሃያውን ደቂቃ እንዲህ ክፈዪው። 2 ደቂቃ ላለፈው ትምህርት ክለሳ፣ 4 ደቂቃ ለስድስት አዲስ ቃላት፣ 5 ደቂቃ ለመዋቅሩ፣ 8 ደቂቃ ለልምምድ፣ የቀረችው 1 ደቂቃ ለቤት ሥራ። አብዛኛው አዲስ መምህር የሚወድቀው ይህን ገልብጦ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያብራራል፣ ተማሪው አፉን ሳይከፍት ሰዓቱ ያልቃል። በቻይንኛ መምህራን ዘንድ «ጂንግ ጂያንግ ዱዎ ልየን» የሚባል መመሪያ አለ፤ ጥቂት በጥራት አስረዳ፣ ብዙ አለማምድ ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉም በኅብረት፣ ቀጥሎ በረድፍ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይበሉ። ገምጋሚዎቹ ተማሪ ሆነው ቢቀመጡም አትፈሪያቸው፣ እየጠቆምሽ አናግሪያቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ መናገር አለበት።

በዚያው ሐረግ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፣ ቀድመሽ ተዘጋጂበት። «ማይ» በሦስተኛው ቃና፣ ድምፁ ወርዶ ሲነሣ፣ መግዛት ነው፤ በአራተኛው፣ ድምፁ ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ፣ መሸጥ ነው። ጽሑፋቸውም የሚለየው ከላይ በምትጨመር የመስቀል ምልክት ብቻ ነው። አንድ ተማሪ የገዛውን መጽሐፍ ሸጥኩት ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ተሳስተሃል» ብለሽ አትለፊ። ሁለቱን ቃናዎች በእጅሽ እንቅስቃሴ አሳይተሽ ተማሪው ራሱ እንዲያርመው አድርጊ። ቃናን በንድፈ ሐሳብ ከማስረዳት ይልቅ እንዲህ በአንድ እውነተኛ ስህተት ላይ ማረሙ ብዙ ያሳይልሻል።

ድምፆቹን በተመለከተ ሦስት ቦታ ላይ ጆሮሽን አንቂ። አንደኛው የትንፋሽ ጉዳይ ነው። የቻይንኛ የላቲን አጻጻፍ በ«ቢ»፣ በ«ዲ» እና በ«ጂ» የሚጽፋቸው ድምፆች የእኛ በ፣ ደ እና ገ አይደሉም፤ ጉሮሮ የማይነዝርባቸው፣ ትንፋሽም የማይወጣባቸው ናቸው። የእኛ ተማሪ «ትልቅ» የሚለውን ቃል ወይ «ዳ» ይለዋል ወይ ወደ «ጣ» ያጠብቀዋል፤ ትክክለኛው ትንፋሽ የሌለው «ታ» ነው። አንዲት ቀጭን ወረቀት ከከንፈር ፊት አስይዢው፤ «ፓ» ሲል ወረቀቷ ትወዛወዝ፣ ያለ ትንፋሽ ሲል ጸጥ ትበል። ሁለተኛው «አረንጓዴ»ንና «መንገድ»ን የሚለየው አናባቢ ነው፤ አማርኛ የለውም። ምላሱን «ኢ» ላይ አስቁመሽ ከንፈሩን ብቻ እንደ «ኡ» እንዲያሞጠሙጥ ንገሪው። ሦስተኛው ጀ፣ ቸ እና ሸ ናቸው፤ እኛ አንድ ረድፍ ሲኖረን ቻይንኛ ሁለት አለው፣ አንዱ ምላስ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ ሌላው ምላስ ጠፍጥፎ የሚወጣ።

እዚህ ላይ የራስሽንም አፍ መርምሪ። ከደቡብ ቻይና ከመጡ አለቆች ጋር ዓመታት የሠራ አስተርጓሚ አራት የሚለውን «ስ» እና አሥር የሚለውን «ሽ» ሳያስበው ወደ አንድ ያመጣቸዋል፤ «ነ» እና «ለ»ንም የሚያቀላቅሉ አሉ። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ይግባባል፤ ክፍል ውስጥ ግን ተማሪው የሰማውን ይዞ ይቀራል። በመደበኛው ቻይንኛ የተነበበ አጭር ዜና አድምጪ፣ ራስሽ አንብበሽ በስልክ ቅጂ፣ አስተያዪ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው።

የእጅ ጽሑፍስ? አስተርጓሚ ሁሉ የሚጽፈው በስልክ ስለሆነ ፊደሉን ያውቀዋል፣ እጁ ግን ረስቶታል። ሰሌዳ ፊት ቆሞ የጭረት ቅደም ተከተል ማሳሳት ገምጋሚ ቶሎ የሚያየው ስህተት ነው። በአራት የተከፈለ ካሬ ባለው ደብተር ላይ በቀን 10 ፊደል ጻፊ፤ መጀመሪያ ለማሳያው የምትጠቀሚባቸውን ጨርሺ። «ሹ» አራት ጭረት ነው፣ ነጥቧ መጨረሻ ትመጣለች፤ «መግዛት» ስድስት ጭረት ነው።

ባህልን የተመለከተ ጥያቄ ቢመጣ በዱምፕሊንግና በሻይ አትመልሺ። ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ንባብና ውይይት ያለበት ኮርስ ነው። የ16 ሳምንት አጭር መርሐ ግብር አዘጋጅተሽ ይዘሽ ግቢ፤ ሁለት ሦስት ሳምንቱን ለኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት መድቢ። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል፤ የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ የተመሠረተው በኅዳር 1970 ነው፤ በጥቅምት 1971 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከቻይናው መሪ ከማኦ ጋር ተገናኝተዋል። ተማሪው ይህን ሲያነብ ቻይንኛው ከራሱ አገር ታሪክ ጋር ይያያዝለታል። የዱከም ኢንዱስትሪ ዞንስ ቢሆን የባህል ትምህርት አይደለምን? የአክብሮት አጠራር፣ «አይሆንም»ን ሳይሉ እንቢ ማለት፣ የስብሰባ አቀማመጥ፤ ይህን በየቀኑ የምታይው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቋሚ ቅጥሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ክፍት መደቦቹ ጥቂት ናቸው። ብዙውን የማስተማሪያ ሰዓት የሚሸፍኑት በቻይና በኩል የሚላኩ፣ ደመወዛቸው ከዚያ የሚከፈል መምህራን ስለሆኑ፣ ትምህርት ክፍሉ በጀት ጠይቆ መደብ የሚያስከፍተው የራሱን ሰው ሲፈልግ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ የረዳት ምሩቅነት መደብ አይሰጥሽም፣ ዘርፉ አይገናኝምና። ለሌክቸረርነት ማስተርስ ያስፈልግሻል። ብዙ ማስታወቂያዎች የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዲግሪ እንዲዛመዱ ስለሚጠይቁም፣ ገና ሳትሄጂ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ «በአካውንቲንግ ዲግሪዬ ላይ ቻይንኛን የማስተማር ማስተርስ ብይዝ ትቀበሉኛላችሁ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ሁለት ዓመት ተምሮ መጥቶ በዚህ ምክንያት መመለስ በጣም ያሳዝናል።

ዘርፉን በተመለከተ «ቻይንኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ማስተማር» የሚለውን ምረጪ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ የክፍል ልምምድ አለው፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ዘርፍም አጥብቆ አይጠይቅም። ንጹሑ የሥነ ልሳን ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ላንቺ መሠረቱም የለሽም። ለዚህ ዘርፍ የተመደበው የዓለም አቀፍ ቻይንኛ መምህራን ስኮላርሺፕ ነው፤ ቀድሞ የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት (የቻይንኛ ቋንቋና ባህል ማስተማሪያ ተቋም) ስኮላርሺፕ ይባል የነበረው። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ መድን እና በወር 3,000 ዩዋን ይሸፍናል። ለማስተርስ ሲጠይቅ የኖረው በኤችኤስኬ ደረጃ 5፣ 210 ነጥብና በመካከለኛው የንግግር ፈተና 60 ነው። ሁለት የምስክር ደብዳቤ፣ ከተባባሪ ፕሮፌሰር በታች ካልሆነ መምህር፣ ያስፈልጋል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ሲሆን የሚደግፍሽ ተቋም ያስፈልግሻል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ያሉትን የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩቶች ጠይቂ። ዝርዝሩንና የማመልከቻ ቀኑን ከዓመቱ ማስታወቂያ ላይ አረጋግጪ።

አሁን ያለሽ ውጤት አያስኬድሽም፤ በስድስት ነጥብ ያንሳል፣ የሁለት ዓመት የአገልግሎት ጊዜውም አልፏል። ግን ተስፋ አትቁረጪ፣ ነጥቡ የጠፋው ጽሑፍ ላይ ነው። ያ ክፍል ስምንት የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን ማስተካከልና 80 ፊደል ገደማ የሚሆኑ ሁለት አጫጭር ድርሰቶችን መጻፍ ነው፤ አንዱ በተሰጡ አምስት ቃላት፣ ሌላው በሥዕል። በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና ከመረጥሽ የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል እየተየብሽ ስለምትሠሪ የረሳሽው የእጅ ጽሑፍ አይጎዳሽም። በሳምንት አራት ድርሰት ለሦስት ወር ጽፈሽ አሳርሚ። የንግግሩ ፈተና መካከለኛ ደረጃ 14 ጥያቄ ነው፤ አሥሩ ሰምቶ መድገም፣ ሁለቱ ሥዕል መግለጽ፣ ሁለቱ ሐሳብ መስጠት። ላንቺ ከባድ አይሆንም።

ዕድሜሽንም አስቢበት። የስኮላርሺፑ የዕድሜ ጣሪያ 35 ነው፤ በሥራ ላይ ላለ የቻይንኛ መምህር ግን እስከ 45 ይፈቀዳል። ከምረቃ በኋላ የሚያስተምርበት ተቋም ስምምነት ይዞ የሚያመለክት ሰውም ቅድሚያ ያገኛል። የትርፍ ሰዓት ሥራው ለክፍያው ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ብትቀጠሪ ኮርሱን፣ ሰዓቱንና ሴሚስተሩን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በየሴሚስተሩ አውጪ። ፋብሪካውን አሁን አትልቀቂ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊዘገይ ይችላል። ከዱከም በቃሊቲ በኩል ከተማ መግባት ምን እንደሚመስልም ታውቂዋለሽ፤ የቅዳሜ ወይም የእሑድ ክፍል ጠይቂ፣ በሥራ ቀን ማታ አትቀበዪ።

ተምረሽ ስትመለሺ ደግሞ ይህን አትርሺ። የቻይና ዩኒቨርሲቲ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ይሰጣል፤ አንዱ ትምህርት መጨረስሽን፣ ሌላው ዲግሪ ማግኘትሽን የሚመሰክር። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የዲግሪ አቻ ግምት ሲጠይቅ ይቸገራል። ሁለቱንም ከትራንስክሪፕቱ ጋር ተቀበዪ፣ እዚያው ሳለሽ አስተርጉመሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርቢ።

የማሳያው ትምህርት ባይሳካ ከፋብሪካው ሠራተኞች አሥር ሰው ሰብስበሽ እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት አስተምሪ። የአስተርጓሚነት ዓመታትሽ እንደ ማስተማር ልምድ አይቆጠሩም፤ የትምህርት ዕቅድና የተማሪ መቆጣጠሪያ ያለው 60 ሰዓት ግን በማመልከቻሽ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። አሠሪሽ ፈቅዶ ደብዳቤ ከጻፈልሽ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ አጽፊው፤ የሰዓቱ ቁጥር ይግባበት።