ጥያቄና መልስ፦ አሕዛብ በመጽሐፍ ቅዱስ

አወያይ፦ በገባነው ቃል መሠረት መምህር ዛሬ ማታ ስለ አሕዛብና ስለ መዳን ጥያቄ ይቀበላሉ። አጠር አድርጋችሁ ጠይቁ።

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ አደራ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፣ ምዕራፉን አንብባችሁ ኑ።

ብሩኬ፦ መምህር እኛ ሰፈር ያልተጠመቀን ሰው "አሕዛብ" ይሉታል። ጣዖት አምላኪ ማለት ነው አይደል?

መምህር፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። አሕዛብ የሕዝብ ብዙ ቁጥር ነው፣ በቃ፣ ግእዝ ነው። ዕብራይስጡ ጎይ፣ ሲበዛ ጎይም ይላል። ዘፍጥረት 12 ላይ እግዚአብሔር አብርሃምን "ታላቅ ሕዝብም አደርግሃለሁ" ሲለው እዚያ ያለው ቃል ራሱ ጎይ ነው፣ ስለዚህ ቃሉ ስድብ ቢሆን መጀመሪያ የሚሰደበው አብርሃም ነው። ቀጥሎ ደግሞ "የምድር ነገዶችም ሁሉ በአንተ ይባረካሉ" ይላል። ልብ በሉ፣ ይስሐቅ እንኳ ገና አልተወለደም፣ እስራኤል የሚባል ሕዝብ የለም፣ ዓለሙ ሁሉ ግን ጥሪው ውስጥ ገብቷል። ብዙ ሰው "እስራኤል እምቢ ስትል ነው እኛ የተጠራነው" ይላል፣ ልክ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም ታስበን ነበር። ጊዜ ሲሄድ ቃሉ ከእስራኤል ውጪ ላለው ሕዝብ መጠሪያ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን እኮ ያ ማለት እኛ ማለት ነው፣ ጎረቤትህን በራስህ ስም እንዴት ትሰድበዋለህ?

ሰላም፦ ታዲያ እስራኤል ለምን ተመረጠ? አድልዎ አይሆንም?

መምህር፦ ዘጸአት 19። "ምድር ሁሉ የእኔ ናትና" ይልና "የካህናት መንግሥት" ያደርጋቸዋል። ካህን የሚሾመው ለራሱ ነው ለሌላው? ምዕራፉን አንብቢ።

ዳዊት፦ ስለ አሁኑ የእስራኤል መንግሥት ምን ይላሉ?

መምህር፦ ዛሬ አልገባበትም። ቀጥሎ።

ሐና፦ ጌታ ከነናዊቷን ሴት "የልጆችን እንጀራ ለቡችሎች መጣል አይገባም" ያላት ሁሌ ያመኛል መምህር።

መምህር፦ ሊያምሽ ይገባል፣ ከባድ ቃል ነው፣ ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈውን ሰው አልሰማም። ግን የጻፈው ማቴዎስ መሆኑን አስቢ። ምዕራፍ 1 ላይ በጌታ የዘር ሐረግ ከነናዊቷን ረዓብንና ሞዓባዊቷን ሩትን ያስገባ ሰው ነው፣ መጨረሻው ላይም "አሕዛብን ሁሉ" ብሎ ነው የሚዘጋው። ሴትየዋም ባዶ እጇን አልተመለሰችም፣ "እምነትሽ ታላቅ ነው" ተብላ ልጇ ድናላታለች።

ናቲ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ አሕዛብ ማለት ምን ማለት ነው?

መምህር፦ ወንድሜ መልሼዋለሁ፣ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ተማሪው፦ ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ጃንደረባ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር ይላል። ቤተ መቅደስ ገብቷል ማለት ነው?

መምህር፦ እሰይ! እንዲህ ጠይቁኝ። የውጪውን አደባባይ አልፎ አይገባም ነበር። ዘዳግም 23 ጃንደረባን ከጉባኤ ይከለክላል። አጥርም ነበረ፣ በ1871 ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ድንጋይ ተገኝቷል፣ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ነው ያለው፣ 7 መስመር የግሪክ ጽሑፍ አለበት፣ የሌላ ወገን ሰው ከዚህ አጥር አልፎ ቢያዝ ለሚደርስበት ሞት ተጠያቂው ራሱ ነው ይላል። ጳውሎስም ሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ሊገደል የደረሰው የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን አስገብቷል ተብሎ ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው ያን ሁሉ መንገድ በሠረገላ መጥቶ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ነው የተመለሰው። እና መንገድ ላይ ምን ይዟል? ኢሳይያስን። "እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ" የሚለው ላይ ነበር፣ ለእኛ ምዕራፍ 53 ነው። ያኔ መጽሐፍ ጥቅልል ነው፣ ትንሽ ብትተረትረው 56 ይመጣል፣ "ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል" ይላል፣ እዚያው ላይ "ቤቴ ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት ይባላል" ይላል። ጸሐፊው ሉቃስ ጃንደረባው እዚያ ድረስ አነበበ አይልም፣ እኔም አልልም። ግን ውኃ ሲያይ ምን ብሎ ጠየቀ? "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" የተከለከለ ሰው ጥያቄ ነው። ይቺን ሳነብ ሁሌ ዓይኔ እንባ ይሞላል።

ቃልኪዳን፦ ኢትዮጵያዊ ነው እኮ! መዝሙር 68፣31 ኢትዮጵያ እጆችዋን ትዘረጋለች!

አቤል፦ 67 ነው እንጂ 68 አይደለም።

ዳዊት፦ ደግሞ ያ አገር ሱዳን ነው፣ ሜሮዌ። ስለ እኛ አይደለም።

ቃልኪዳን፦ ታሪካችንን አትንጠቁን!

አቤል፦ እናንተ መጽሐፉን ስትቆጥሩ ነው ችግሩ።

መምህር፦ በቃ፣ በቃ። 67ም 68ም ልክ ነው፣ 67 ግእዙ የሚከተለው የሰባ ሊቃናት፣ የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ቆጠራ ነው፣ 68 የዕብራይስጡ። ጃንደረባው ያገለግላት የነበረችው ንግሥት ሕንደኬ ትባላለች፣ ይህም የሜሮዌ ንግሥቶች መጠሪያ ነው፣ ቦታው ከካርቱም በስተሰሜን ዓባይ ዳር ነው። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ነበር፣ ስለዚህ ማንም ምንም አልተነጠቀም። አሁን መዝሙሩን ሙሉ አንብቡልኝ። እዚያችው ቁጥር ላይ ከኢትዮጵያ በፊት ግብፅ አለች፣ ከኋላ ደግሞ የምድር መንግሥታት ሁሉ ይዘምራሉ። ብቻችንን አልተጠራንም። አሞጽ 9፣7 ላይም እስራኤልን "ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?" የሚለው እስራኤል በመመረጧ እንዳትኮራ ነው፣ እኛ ወስደን እንድንኮራበት አይደለም።

ብሩኬ፦ ወንጌል ሳይሰሙ የሞቱትስ?

መምህር፦ ሮሜ 2ን አንብብ። ፈራጁ እኔ አይደለሁም።

ኪዳን ከቤሩት፦ መምህር እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሑድ ሲፈቀድልኝ ከአንዲት ፊሊፒናዊትና ከአንዲት ኬንያዊት ጋር እንጸልያለን፣ አንዳችን የሌላውን ቋንቋ አንችልም፣ እኔ በአማርኛ እነሱም በየራሳቸው። አባታችን ሆይ ስንል ብቻ እንተዋወቃለን፣ ዜማው ይመስለኛል። ይሄ ጸሎት ይባላል?

መምህር፦ ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሕዝቡን አንድ ቋንቋ አላናገራቸውም፣ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። ራእይ 7፣9 ላይም በዙፋኑ ፊት የቆሙት ከሕዝብና ከነገድ፣ ከወገንና ከቋንቋ ሁሉ ናቸው፣ ዮሐንስ አይቶ ለይቷቸዋል፣ ማለት ማንነታቸው አልጠፋም። ይባላል ልጄ። በሚቀጥለው እሑድ መዝሙር 117ን በየቋንቋችሁ አንብቡት፣ በግእዙ ቆጠራ 116 ነው፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ናት፣ "አሕዛብ ሁላችሁ" ብላ ነው የምትጀምረው።